ሜዳ የቀሩ ድመቶችን በቤት በአደራ ማቆየት፤ ከመቀበል እስከ ማስረከብ

የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ የሚኖር ሰው ድመት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር፣ ባላለቀው ሕንፃ ምድር ቤት፣ በቆሻሻ ገንዳው ዳርና በሥጋ ቤቱ በራፍ ሞልተዋል። አዲስ ሰፈር ሲቆረቆር ከነዋሪው ጋር አይጥ ይገባል፤ አይጡን ተከትላ ድመት ትመጣለች። ድመቷን መጀመሪያ ሁሉም ይወዳታል፤ በወለደች ጊዜ ግን ልጆቹ የማንም አይደሉም።

አየራችንም አላገዘንም። ድመት ወንድ የምትፈልገው የቀኑ ብርሃን ረዘም ሲል ነው። በአውሮፓ ቀኑ በሚያጥርባቸው የብርድ ወራት ታርፋለች። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የድመት ልጅ በመስከረምም በሚያዝያም ይወለዳል። እርግዝናው ከ63 እስከ 65 ቀን ነው። ሴቷ ከ4 ወይም ከ5 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ ልጆቿን እያጠባችም ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት።

በዚህ ሒሳብ የሰፈሩን ድመት ሁሉ ሰብስቦ ቤት ውስጥ መዝጋት ማንንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥቂቱን ተቀብሎ፣ አሳክሞና አስመክኖ፣ ለሚያሳድግ ሰው አስረክቦ፣ ቦታውን ለሚቀጥለው መልቀቅ ነው። መመሪያው ለዚህ ሥራ የተጻፈ ነው።

1. ከመቀበላችሁ በፊት መውጫውን አዘጋጁ

ድመቷ ከእናንተ ቤት ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ ሳታስቡ በር አትክፈቱ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ድመት ፈላጊ ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ሰው አልጠየቀም ማለት ነው። ወፍጮ ቤት፣ እህል መደብር፣ የሰፈር ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ጓሮ ያለው ግቢ፤ ሁሉንም አይጥ ያስቸግራቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ግልገሎቹ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ መነጋገር ጀምሩ። ቡና ላይ አንሡት፣ የዕድር ስብሰባ ሲያልቅም ጣል አድርጉት። አንዳንዱ ሰው አይጥ አዳኝ ብቻ መፈለጉ አያሳዝናችሁ። ሌሊት የምታድርበት ቦታ፣ በየቀኑ ምግብና ውኃ፣ ስትታመም ሐኪም ካገኘች አይጥ እየያዘች መኖሯ ለእሷ ጭቆና አይደለም።

ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ስትነግሩም የምታስረክቡበትን ጊዜ ጨምሩ። «እስከ ጥምቀት ድረስ ብቻ ነው» የተባለ ነገር በቀላሉ ይፈቀዳል፤ «ድመት ላስገባ ነበር» የተባለ ግን ክርክር ያስነሣል።

በአንድ ጊዜ የአንድ እናት ልጆችን ብቻ ተቀበሉ። ሁለት ቤተሰብ መቀላቀል በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ሰፈርተኛው ድመት እንደምትቀበሉ ከሰማ ካርቶን በራችሁ ላይ ጥሎ የሚሄድ አይጠፋም። እምቢ ማለትን ከወዲሁ ተለማመዱ።

2. ግልገል አይታችሁ አትሽቀዳደሙ

ብቻቸውን የተገኙ ግልገሎች ሁሉ እናት አልባ አይደሉም። እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ትሄዳለች፤ ሰው ካየች ደግሞ ዝር አትልም። ንጹሕ፣ ሆዳቸው ሞላ ያለና ተቃቅፈው የተኙ ከሆነ እናታቸው ቅርብ ናት። ራቅ ብላችሁ 3 ወይም 4 ሰዓት ጠብቁ። መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ጎጇቸው ዙሪያ ስስ የስንዴ ዱቄት ነስንሱና ሂዱ። ስትመለሱ ዱቄቱ ላይ አራት ትንንሽ የጣት ክቦችና አንድ መሐል መዳፍ ያለው ዱካ ካገኛችሁ፣ ጥፍሩም ካልታየ፣ እናቲቱ መጥታ ሄዳለች። የጥፍር ጭረት ያለበት ዱካ የውሻ ነው፤ እንዲህ ከሆነ መጠበቁን ትታችሁ ግልገሎቹን አንሡ።

የጥበቃ ሠራተኛውንም ጠይቁ። «ጋሼ፣ እናቲቱን አይተዋታል?» ማለት ብዙ ድካም ያስቀራል። ሌሊቱን ነቅተው የሚያድሩት እሳቸው ስለሆኑ የትኛዋ ድመት የት እንደምትወልድ፣ የትኛዋን መኪና እንደገጫት ያውቃሉ።

እናቲቱ ካለችና ቦታው ጎርፍ ወይም ውሻ የማያሰጋው ከሆነ ልጆቹን እዚያው ተዉአቸው፤ ለእሷ ምግብ አቅርቡላት። ቦታው የሚያሰጋ ከሆነ እናትን ከነልጆቿ አንድ ላይ ውሰዱ። የእናት ጡት የሚሰጠውን እናንተ በስሪንጅ አትተኩትም።

በሜዳ ያደገች፣ ሰው ስታይ የምትሸሽ ጎልማሳ ድመትን ቤት ማስገባት ግን እሷን ማሠቃየት ነው። እንዲህ ያለችውን አስመክኖና አስከትቦ ወደ ቦታዋ መመለስ ይሻላል። ሐኪሙ በማደንዘዣ ላይ ሳለች የጆሮዋን ጫፍ በጥቂቱ ቢቆርጥ ሌላ ሰው ዳግም ለማስመከን አይደክምባትም።

3. ክፍሉን አሰናዱ

በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል በቂ ነው። ለብዙዎቻችን ይህ ክፍል መታጠቢያ ቤት ይሆናል፤ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ደግሞ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በባልዲ፣ በጄሪካንና በበርሜል የተሞላ ነው። ክዳን የሌለው ባልዲ ለግልገል ሞት ነው፤ ዘሎ ይገባል፣ ለስላሳውን ፕላስቲክ ቧጥጦ መውጣት አይችልም። ሁሉንም ክደኑ። ከላይኛው ወለል የምትኖሩ ከሆነ በመስኮቱና በበረንዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ምቱ።

ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ ያረጀ ሹራብ ወይም የጋቢ ቁራጭ ውስጡ አንጥፉ፤ መደበቂያም መኝታም ይሆናል። ለመጸዳጃ ጎኑ ዝቅ ያለ ሳፋ ይበቃል። በውስጡ የተነፋ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር አድርጉ። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በነጻ ይገኛል፤ ነገር ግን የደቀቀውን ሳይሆን ሻካራውን ምረጡ፣ ብናኙ ዓይንና ሳንባ ያስቸግራል። ምግቡንና ሳፋውን አራርቁ፤ ድመት ከምትጸዳዳበት አጠገብ መብላት አትወድም።

ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አውጡ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ ወዲያው አያስተላልፍም፤ ወደ ሰው የመተላለፍ አቅም የሚያገኘው ከ1 እስከ 5 ባሉት ቀናት ነው። በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ግን ሳፋውን ሌላ ሰው ያጽዳ። ሁላችሁም ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ክፍሉን በከሰል አታሙቁ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ግልገልን መግደልማ ምን ይቸግረዋል።

4. ስታነሡና ስታጓጉዙ

ድመት በማዳበሪያ ተቋጥራ በባጃጅ ስትሄድ ማየት ለምደናል። ክፉ ልማድ ነው። አየር ያንሳታል፣ ትፈራለች፣ ስትፈታም የመጀመሪያውን እጅ ትነክሳለች። የዶሮ ቅርጫት ላይ ሌላ ቅርጫት ደፍቶ በገመድ ማሰር ወይም ጠንካራ ካርቶን ቀዳድቶ በላዩ ፎጣ ማልበስ ይሻላል፤ ጨለማ ያረጋጋታል። የምትፈራውን ድመት በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ አንሡ። አንገቷን ይዞ ማንጠልጠል ለእናቲቱና ለልጆቿ የተተወ ነው።

ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት አይታችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምትገምቱት በላይ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፣ ድመትም ታስተላልፈዋለች፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አያድንም። ከሥር ማሽ የሚገኝ መድኃኒት ክትባቱን አይተካም። ድመቷን አትግደሏት፣ አትልቀቋትም፤ ለ10 ቀን ዘግታችሁ ተከታተሏት። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነች በነከሰችበት ሰዓት በሽታውን በምራቋ አታስተላልፍም ነበር ማለት ነው። በመሐሉ ከሞተች ሬሳዋን አትቅበሩ። ጉለሌ ያለው፣ ብዙዎቻችን ዛሬም «ፓስተር» የምንለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን በሽታ ሲመረምር የኖረ ተቋም ነው፤ ለምርመራ የሚፈለገው አንጎሏ ስለሆነ መሞቷን ለጤና ባለሙያው ንገሩና ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቁ።

5. ዕድሜውን ለዩ

የምትሰጡትን ሁሉ የሚወስነው ዕድሜ ነው። የተወለደ ግልገል ወደ 100 ግራም ይመዝናል። ዓይኑ በ7 እና በ14 ቀን መካከል ይገለጣል፤ የተገለጠው ዓይን ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። በ3 ሳምንት የፊት ጥርሶቹ ብቅ ይላሉ፣ እየተንገዳገደም ይራመዳል። በ4 ሳምንት ወደ 450 ግራም ደርሶ መጫወትና ሳፋውን መፈለግ ይጀምራል። በ6 ወይም በ7 ሳምንት የዓይኑ ሰማያዊ ቀለም መለወጥ ይጀምራል። በ8 ሳምንት አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል።

የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ ወይም ተዋሱ። ግልገሉን ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ አስቀምጡ፣ የሳሕኑን ክብደት ቀንሱ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ደብተር ላይ መዝግቡ። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። በዓይን ሲታይ ደህና የሚመስል ግልገል ሚዛን ላይ ሲቀንስ ከተገኘ ታሟል፤ ዓይናችሁ እስኪያምን አትጠብቁ።

6. ጡት ላይ ያሉ ከሆኑ ከምግብ በፊት ሙቀት

ከ3 ሳምንት በታች ያለ ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የቀዘቀዘን ግልገል ማብላት ይገድለዋል፤ አንጀቱ አይሠራም፣ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉን ውስጡን በጣታችሁ ንኩት። ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ደረታችሁ ላይ ልብስ ውስጥ አስገብታችሁ ቀስ በቀስ አሙቁት።

መብራት ስለሚጠፋ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አትተማመኑ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ በሞቀ ውኃ ሙሉ፤ ውኃው ከፈላ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ክዳኑን አጥብቃችሁ በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልሏቸውና የካርቶኑ አንድ ጎን ላይ አድርጉ። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ግልገሉ ሲሞቀው ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። ውኃው ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ ሙሉ፤ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ሙቀት ይወስዳል።

አሁን ወተቱ። የላም ወተት ለግልገል አይሆንም፤ ስኳሩን አንጀቱ አይፈጭለትም፣ ስቡና ፕሮቲኑም ከድመት ወተት ያነሰ ነው። ውጤቱ ተቅማጥ ነው፤ ተቅማጥ ደግሞ ይህን የሚያህል ፍጡር በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ለሕፃን ልጅ የሚሰጠው የዱቄት ወተትም ምትክ አይሆንም። ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቁ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስመጡና አስቀምጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የምታጠባ ድመት ማግኘት ነው። ልጆቿ ተመሳሳይ ዕድሜ ከሆኑ አብዛኛዋ እናት እንግዳ ትቀበላለች፤ መጀመሪያ በልጆቿ መኝታ ጨርቅ አሹት። ሌላ ነገር እስኪገኝ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ ፈልቶ ለብ ያለ የፍየል ወተት ይሞከራል።

በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት በየ4 ሰዓቱ ገደማ ይጠባል። በአንድ ጊዜ ለ100 ግራም ክብደት 4 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ሆዱ ከዚህ ብዙም አይዝም። መርፌ የሌለው ትንሽ ስሪንጅ ተጠቀሙ። በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን በትንሹ ቀና አድርጋችሁ፣ ጠብታ በጠብታ ስጡት። እንደ ሰው ልጅ በጀርባው አታንጋልሉት። ደህና አድርጎ ሲጠባ ሁለት ጆሮዎቹ ይርገበገባሉ፣ የፊት እግሮቹ እጃችሁን እየተፈራረቁ ይገፋሉ። ወተት በአፍንጫው ከወጣ አቁሙ፣ ራሱን ዝቅ አድርጉት፣ ጥረጉለት።

ካጠባችሁት በኋላ እናቱ የምትልሰውን ያህል በለብታ ውኃ በረጠበ ጥጥ ከጅራቱ ሥር አሹት። ይህ ካልተደረገለት እስከ 3 ሳምንት ድረስ ራሱ መሽናት አይችልም። ብዙ ሰው ወተቱን ያውቃል፣ ይህን አያውቅም፤ ግልገሉም ጠግቦ ይሞታል።

7. ከ4 ሳምንት በኋላ የሚበላው

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራው ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ለረጅም ጊዜ ከቀረባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። እኛ ሁዳዴን 55 ቀን ስንጾም፣ ረቡዕና ዓርብን ስንጨምር፣ ከገበታ የሚተርፈው ሽሮና ምስር ነው። ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። ሰፈር ውስጥ ያሉ ድመቶች በዚያ ጊዜ መክሳታቸውን ልብ ብላችሁ እዩ።

ወጥ የነካው እንጀራ ፍርፋሪ ደግሞ በፍስክም አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሽንኩርት የሌለው ወጥ ደግሞ የት አለ? ጨውና በርበሬ ቢቀር እንኳ ይህ ብቻ ይበቃል።

ከሥጋ ቤት ሳንባ፣ ልብ፣ ጨጓራና የሥጋ ቁርጥራጭ በርካሽ ይገኛል፤ ልብ የታውሪን ምንጭ ስለሆነ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ሳንባ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ጉበት ጥሩ ነው፤ ግን በየቀኑ ሲሆን ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና አጥንቷን ይጎዳል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በትንሹ። ሁሉንም ያለ ቅመም ቀቅሉ። ጥሬ የሆድ ዕቃ የትል ዕጭ ይይዛል። ታውሪን ወደ ውኃው ስለሚወጣ የቀቀላችሁበትን መረቅ አትድፉ፤ ሥጋውን አድቅቃችሁ ከመረቁ ጋር ስጡ። የበሰለ እንቁላል መጨመር ይቻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት አትስጡ፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ቀቅላችሁ፣ በትንንሹ ከፋፍላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። የታሸገ የድመት ምግብ መግዛት የሚችል ሰው ከዚህ ሁሉ ይገላገላል፤ የግልገል የሚል የተጻፈበትን ይምረጥ።

የ4 ሳምንት ግልገል በቀን 4 ጊዜ ይብላ። መጀመሪያ ከጣታችሁ ይልሳል፣ ከዚያ ሳሕኑ ውስጥ ይረግጣል፣ ፊቱን ይነክራል፣ በመጨረሻ ይበላል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ይኑር።

8. ቁንጫ፣ ትልና መድኃኒት

ቁንጫ በግልገል ላይ ቀልድ አይደለም፤ ደሙን መጥጦ ይገድለዋል። ድዱን ገልጣችሁ እዩ፤ ነጭ ከሆነ ደሙ አልቋል፣ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ትንሹን በለብታ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከአንገቱ ጀምራችሁ እጠቡ፣ ጥርሱ በተጠጋጋ የቅማል ማበጠሪያ አበጥሩ፣ ወዲያው አድርቃችሁ አሙቁት። ለውሻ የሚሸጥ የቁንጫ መድኃኒት አታስነኩት፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል። ለከብት መዥገር የሚረጨውንም እንዲሁ።

ግልገል ሁሉ ወስፋት አለበት ብላችሁ ተነሡ። ሐኪሞች ፓይራንቴልን ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይሰጣሉ። ከጅራቱ ሥር ደረቅ ሩዝ የመሰለ ነገር ካያችሁ ኮሶ ነው፤ ከቁንጫ የሚመጣ ስለሆነ ቁንጫውን ሳታጠፉ ፕራዚኳንቴል ብቻ ቢሰጥ ይመለሳል። በቤት የተረፈ አልበንዳዞል አትስጡ፤ የድመትን መቅኔ ይጎዳል። ፓራሲታሞል ደግሞ አንዲት እንክብል ብቻ ጎልማሳ ድመትን ልትገድል ትችላለች። «ትኩሳት አለው» ብሎ ሩብ ቆርሶ የሚሰጥ ደግ ጎረቤት ካለ እጁን ያዙ።

ዓይኑ ከተጣበቀ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ጥጥ ከአፍንጫው ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ለአንዱ ዓይን የተጠቀማችሁበትን ጥጥ ለሌላው አትድገሙ። ከ1 ቀን በላይ ከቆየ ቅባቱን ሐኪሙ ይዘዝ። ክብ ሆኖ ፀጉሩ የተመለጠ ቆዳ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ እስኪድን ማቀፍ ይቅር።

ሳይዘገይ ሐኪም የሚያስፈልገው፦ መብላት ያቆመ፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ የትከሻው ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ። ማስመለስ፣ ተቅማጥና ድካም አንድ ላይ ሲመጡ ፓንሉኮፔኒያ የተባለውን ቫይረስ ጠርጥሩ። የአይጥ መርዝም ተመሳሳይ ሊመስል ስለሚችል ከጎረቤት መርዝ የረጨ እንዳለ ጠይቁ፤ የመርዙን ማሸጊያ ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቅርብ ሐኪም የሌላችሁ በዱከምና በገላን በኩል ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ መሆኑን አስታውሱ።

9. ሰው አስለምዱት

ግልገል ሰውን የሚለምደው ከ2 እስከ 7 ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ከዚያ በኋላም ይቻላል፤ ድካሙ ግን እጥፍ ነው። ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚመጣ ሰው ለእሱ ግዙፍ ነው። ዓይኑን አትፍጠጡበት። የተፈጨ ሥጋ በረጅም ማንኪያ አቅርቡ፣ በየቀኑ ማንኪያውን በአጭሩ ያዙ፣ በመጨረሻ ከጣታችሁ ይላስ። እየበላ ሳለ ጉንጩን በአንድ ጣት ንኩ። የሚያፏጭባችሁ ግልገል የተቆጣ ሳይሆን የፈራ ነው፤ አትሽሹ፣ አትያዙትም፣ እዚያው ቆዩ።

ሬዲዮ ክፈቱ። የቡና ዘነዘና፣ የልጆች ሩጫ፣ የበር ደወል ይስማ። በእጃችሁ አታጫውቱት፤ ዛሬ የሚያስቀው ንክሻ ነገ ከሚወስደው ቤት ያስባርረዋል። የጨርቅ ቁራጭ ክር ላይ አስራችሁ ጎትቱለት፣ ስትጨርሱ ክሩን አንሡ፤ ከዋጠው አንጀቱን ይቋጥረዋል።

10. ክትባትና ማስመከን

ፓንሉኮፔኒያን ጨምሮ ሦስት የድመት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። ሁልጊዜ ላይገኝ ስለሚችል ቀድማችሁ ደውሉ። የእብድ ውሻ ክትባት ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፤ ይህን አትዝለሉት።

ማስመከን የሥራው ሁሉ ማሠሪያ ነው። ሳትመክን የተሰጠች ሴት ድመት በዓመቱ ልጆቿን ይዛ በሌላ ደረጃ ሥር ትገኛለች። 4 ወር ሲሞላት ማስመከን ይቻላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለስንት ሰዓት ምግብ እንደሚከለከል ሐኪሙን ጠይቁ፤ ለግልገል ሌሊቱን ሙሉ መራብ አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ ለ10 ቀን ያህል እንዳትዘል ጠብቁ፣ ስፌቱን በየቀኑ እዩ። ወጪው ከከበደ ሁለት ሦስት ድመት በአንድ ቀን ስትወስዱ ዋጋ ይቀንሱ እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ከሚወስደው ሰውም መዋጮ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለድመቷ የከፈለ ሰው በዋዛ አይጥላትም።

11. ማስረከብ

ከ8 ሳምንት በታች አትስጡ። የሚወስደው ሰው ሲመጣ እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት የት ታድራለች? የአይጥ መርዝ ትረጫላችሁ? ሁዳዴ ላይ ምን ትበላለች? ክረምት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ማን ያያታል? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አዎ፣ አንዳንዴ» ካለ አትስጡ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። በእንጦጦ ሥር፣ በሱሉልታና በለገጣፎ በኩል ጅብ ግቢ አጠገብ ስለሚያልፍ ሌሊት ደጅ የምታድር ድመት ዕድሜዋ አጭር ነው።

ቢቻል ሁለት ወንድማማች አንድ ላይ ስጡ፤ ሌሊት አይጮኹም፣ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ስትሰጡ የመኝታ ጨርቁን፣ ከሳፋው ጥቂት አሸዋና የክትባት ካርዱን ጨምሩ። በአዲሱ ቤት ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት በር እንዳይከፈትላት አጥብቃችሁ ንገሩ፤ ቶሎ ከተለቀቀች ወደ ለመደችው ሰፈር ልትመለስ ስትል መንገድ ላይ ትቀራለች። በሦስተኛው ቀንና በሁለተኛው ሳምንት ደውሉ። ካልተስማሙ መልሶ ለእናንተ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጣት ቃል አስገቡት።

ሰው ካልተገኘስ? ይህ ይገጥማችኋል። ቀኑን አንድ ጊዜ አራዝሙ፤ ሁለተኛ ጊዜ የምታራዝሙ ከሆነ ድመቷ የእናንተ ሆናለችና ሌላ መቀበል አቁሙ።

12. ለሚቀጥለው ማጽዳት

ካርቶኑንና ሰጋቱራውን ጣሉ። ጨርቁን በፈላ ውኃ እጠቡ። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና ጠርጉ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ አይሠራም። ከዚያ በ1 ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ ወለሉን፣ ሳፋውንና ሳሕኑን አርጥቡ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ዴቶልና መሰሎቹን ድመት በምትኖርበት ክፍል አትጠቀሙ፤ ጉበቷ አያስወግዳቸውም።

ፓንሉኮፔኒያ ገብቶ ከነበረ ቫይረሱ እስከ 1 ዓመት በክፍሉ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልተከተበ ግልገል አትቀበሉ፤ የተከተበች ጎልማሳ ድመት ግን መቀበል ትችላላችሁ።